ተገጥሞ የማይስማማ፤ የትራክተር ሃይድሮሊክና ተቀጥላ መሣሪያዎቹ

በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰውን ብርቱ ድርቅ ተከትሎ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በጎጃምና በጎንደር ክፍላተ ሀገር የሰፈረው ሕዝብ ቁጥር ወደ 600 ሺህ ይጠጋ እንደነበር ይታወቃል። ከዚህ ውስጥ ወደ 80 ሺህ የሚሆነው በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አውራጃ፣ በበለስ ሸለቆ ውስጥ ፓዌ ላይ እንዲሰፍር ተደርጓል። ሰፋሪው በደጋው አገር በጥማድ በሬ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው። በሸለቆው ግን በዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገንዲ በሬውን እየፈጀ አስቸገረ። ስለሆነም በፓዌ ትራክተር በበሬ ላይ የሚጨመር ጉልበት ሳይሆን የበሬው ምትክ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ትራክተሩ በዘር ወቅት ከቆመ ጎተራው ለዓመቱ ይጎድላል፤ ራሱን ይችላል የተባለው ቤተሰብም ወደ ራሽን ወረፋ ይመለሳል።

ትራክተር ሲቆም ብዙውን ጊዜ በሪፖርት ላይ የሚሰፍረው ምክንያት የመለዋወጫ እጥረት ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። መለዋወጫው ከማለቁ በፊት መሣሪያውን ለብልሽት የዳረገ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ትራክተሩና ከኋላው የተገጠመው ተቀጥላ መሣሪያ እርስ በርስ የማይስማሙ መሆናቸው ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ የሶቪየት ኅብረት ሥሪት የሆነው ቤላሩስ ትራክተር በናዝሬት እየተገጣጠመ ይወጣ ነበር። የጣና በለስ ፕሮጀክት በኢጣሊያ መንግሥት ገንዘብና በሳሊኒ ኩባንያ አስፈጻሚነት ሲጀመር ደግሞ የኢጣሊያ መሣሪያ ወደ ሸለቆው ገባ። ከዚያ በፊትም ማሴይ ፈርጉሰን በአገሪቱ የታወቀ ነበር። ከሦስት አገር የመጣ መሣሪያ በሦስት ልክ የተሠራ ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች፣ ኮሚሽኑም ስሙን ከለወጠ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ችግሩ አልተለወጠም፤ ዛሬም ለተጎዳ ሕዝብ ማቋቋሚያ የሚለገሰው ትራክተር ከአንድ በኩል፣ ማረሻውና ተሳቢው ከሌላ በኩል ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ማብራሪያ መካኒክ ለማሠልጠን የታሰበ አይደለም። የታሰበው ዕርዳታውን ተረክቦ የሚፈርመው ኃላፊና በሰፈራ ጣቢያ ያለው አስተባባሪ የትኛውን ጥያቄ መቼ ማንሣት እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው።

ግፊትና ፍሰት

የሃይድሮሊክ ሥርዓት ኃይልን በዘይት አማካይነት ያስተላልፋል። በሞተሩ የሚዞር ፓምፕ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ በቱቦ ወደ ሲሊንደር ይልከዋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ተገፍቶ ማረሻውን ያነሣል። እዚህ ላይ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ግፊት የሚወስነው መሣሪያው ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሣ ሲሆን የሚለካውም በባር ነው፤ አንድ ባር በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ግራም ያህል ጫና ማለት ነው። ፍሰት ደግሞ የሚወስነው መሣሪያው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ የሚለካውም በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ነው። ቀስ ብሎ የሚነሣ ማረሻ ግፊት አጥቷል ማለት አይደለም። ጨርሶ የማይነሣ ማረሻም ፍሰት ሞልቶለት ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ የውስጥ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር እንውሰድ። የፒስተኑ ገጽ 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ትራክተሩ 150 ባር ቢሰጥ ሲሊንደሩ 7 ቶን ተኩል ያህል ይገፋል፤ 200 ባር ቢሰጥ 10 ቶን። እንግዲህ ለ200 ባር ታስቦ የተሠራ ከባድ መከስከሻ 150 ባር በሚሰጥ ትራክተር ላይ ቢገጠም ከመሬት አልላቀቅም ይላል። በዚህ ጊዜ ነጂው የሚፈተንበት ነገር አለ፤ የግፊቱን ልክ የሚወስነውን የማስተንፈሻ ቫልቭ ጠበቅ ማድረግ። ይህ ቫልቭ ፋብሪካው ኃይል የደበቀበት ሣጥን አይደለም። ፓምፑ፣ ቱቦውና ሲሊንደሩ የሚችሉት ልክ ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ጠባቂ ነው። ያለ መለኪያ መሣሪያ ቫልቩን የሚያጠብቅ ሰው ማረሻውን ለአንድ ቀን ሊያነሣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፓምፑ ይፈነዳል ወይም ቱቦው ይበጠሳል።

የተገላቢጦሹ ብዙም ስለማይታይ የበለጠ አደገኛ ነው። ለ150 ባር የተሠራ ተቀጥላ 200 ባር በሚሰጥ ትራክተር ላይ ሲገጠም ሥራው መጀመሪያ ላይ ያማረ ይመስላል፤ መሣሪያው በቀላሉ ይነሣል። ሆኖም ለ7 ቶን ተኩል የተሠራው ብረት 10 ቶን ይሸከማል። ቱቦውም እንዲሁ ነው። በውስጡ አንድ ድርብ የሽቦ ጥልፍ ያለው የግማሽ ኢንች ቱቦ በአብዛኛው ከ140 እስከ 160 ባር፣ ሁለት ድርብ ያለው ደግሞ ከ240 እስከ 275 ባር ለሚደርስ ሥራ የተፈቀደ ነው። ቱቦዎች ሲሠሩ የሚፈነዱበት ልክ ከሥራ ልካቸው አራት እጥፍ እንዲሆን ይደረጋል፤ ነገር ግን ይህ ትርፍ የተተወው በጉድጓድ ላይ ሲነጥር ለሚመጣው ድንገተኛ ግፊትና ለእርጅና እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም። በቱቦው ላይ የታተመው ቁጥር በፀሐይና በጭቃ ከመጥፋቱ በፊት ተነቦ ይመዝገብ።

የፍሰት አለመስማማት የሚጎዳው በተለይ በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞሩ መሣሪያዎችን ነው። በአንድ ዙር 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት የሚወስድ ሞተር በደቂቃ 45 ሊትር ሲያገኝ 450 ጊዜ ይዞራል። በደቂቃ 90 ሊትር የሚሰጥ አዲስ ትራክተር ላይ ቢገጠም 900 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ የማዳበሪያ መበተኛ ሳሕን ለዚህ ፍጥነት ካልተሠራ ተበጣጥሶ በአካባቢው ያለውን ሰው ይመታል። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለውን ሞተር በድንገት በሩን ዘግቶ ማቆም አይገባም። በራሱ ጉልበት ዞሮ እስኪያቆም ዘይቱ በነፃ እንዲመላለስ መደረግ አለበት፤ የመመለሻ ቱቦውም ያለ እንቅፋት ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባ መሆን ይኖርበታል።

የማዘዣ ዘንጉ ጠባይ

የትራክተሮች የሃይድሮሊክ አሠራር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በብዙዎቹ ትራክተሮች ማዘዣው መሃል ላይ ሲሆን ዘይቱ ያለማቋረጥ ከፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያ ይዞራል፤ ክፍት ማዕከል የሚባለው ይህ ነው። በሌሎች ደግሞ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በወጡት የጆን ዲር ትራክተሮች፣ ማዘዣው መሃል ሲሆን መንገዱ ይዘጋል፤ ፓምፑም ዘይት መላኩን ይቀንሳል። የራሱ ማዘዣ ያለው ተቀጥላ፣ እንደ ፊት ለፊት ጫኚ ያለው፣ ከሁለቱ ለአንዱ የተሠራ ነው። ዝግ ማዕከል ያለው ተቀጥላ ክፍት ማዕከል ባለው ትራክተር ላይ ሲገጠም መሄጃ ያጣው ዘይት ቀኑን ሙሉ በማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል ሲያልፍ ይውላል። ምልክቱ የማያቋርጥ የማፏጨት ድምፅና እጅ የማያስቀምጥ የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፤ ትራክተሩም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማንሣት ያቅተዋል። መካኒኩ ፓምፕ አለቀ ብሎ መለዋወጫ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ፓምፕ ሲመጣም የሚጠብቀው ያው ዕጣ ነው።

ከአንድ ትራክተር ወደ ሌላው የሚዛወር ነጂ ሌላም መማር ያለበት ነገር አለ። የማሴይ ፈርጉሰን የኋላ ማንሻ ክንድ ማረሻውን ወደ ላይ ብቻ ያነሣል፤ የሚያወርደው የማረሻው የራሱ ክብደት ነው። የቤላሩስ ማንሻ ሲሊንደር ግን በሁለቱም አቅጣጫ የሚገፋ ሲሆን ማዘዣው አራት ቦታዎች አሉት፤ እነርሱም ማንሣት፣ መሃል፣ በግፊት ማውረድና ማንሳፈፍ ናቸው። ማረሻ በሥራ ላይ ሲሆን ዘንጉ በማንሳፈፊያው ቦታ መቀመጥ አለበት። በሌላ ትራክተር የሠለጠነ ነጂ ማውረድ ያው ማውረድ ነው ብሎ በግፊት ማውረጃው ላይ ቢተወው ሲሊንደሩ ማረሻውን ወደ ደረቁ መሬት ይጫነዋል፤ የትራክተሩ የኋላ ጎማ መሬት መቆንጠጡን ይለቃል ወይም የማረሻው እግር ይጣመማል። ነጂው በእርግጥ አልሰነፈም። የነገረው ሰው ስለሌለ የለመደውን ሠራ እንጂ።

የብሎን ጥርስ

በመስክ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው የመገጣጠሚያው ጥርስ ነው። ቤላሩስ የሚጠቀመው በሚሊ ሜትር የተለካ ጥርስ ሲሆን በብዙ ቱቦዎቹ ላይ ያለው 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ነው። የእንግሊዝ የግማሽ ኢንች የቱቦ ጥርስ ስፋቱ ወደ 21 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን የጥርሱ ርቀት 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። የሚሊ ሜትሩ ወንዴ በእንግሊዙ ሴቴ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ዙር ይዞርና ጠበቅ ይላል፤ የያዘ ይመስላል። የእንግሊዙና የአሜሪካው ግማሽ ኢንች ደግሞ ይበልጥ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አላቸው። ሆኖም የእንግሊዙ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው፤ የአሜሪካው ወንዴም ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። እንዲህ ተገጥሞ በክርና በማሸጊያ የታሰረ መገጣጠሚያ ትራክተሩ ቆሞ ሲሞከር ላያንጠባጥብ ይችላል። በመስክ ላይ 150 ባር ሲደርስበት ግን ሳይታሰብ ተነቅሎ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ማረሻው ተነሥቶ ከነበረ ይወድቃል፤ ከሥሩ ሰው ካለም በላዩ ላይ።

መፍትሔው በመጠን መለኪያ፣ ማለትም በካሊፐርና በጥርስ መለኪያ፣ እየለኩ ከሁለቱም ጋር የሚስማማ መሸጋገሪያ ማዘዝ ነው። ጣቢያው ብዙ ዓይነት ትራክተር ካለው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የግማሽ ኢንች ፈጣን መገናኛ ማድረግ የተሻለ ነው፤ ወጪው ከአንድ ፓምፕ ዋጋ አይበልጥም። መገናኛው ሲፈታ ክዳኑ መደፈን አለበት። የፓምፑ ጥርሶች ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በአንድ መገናኛ የገባ የመተከል አቧራ ፓምፑን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የተሳቢው ዘይት

ጭነት ገልባጭ ተሳቢ ብዙ ዘይት ይጠጣል። አማካይ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ተዘርጊ ሲሊንደር ተሳቢውን ሲያነሣ ወደ 12 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ከትራክተሩ ይወስዳል። በብዙ ትራክተሮች የሃይድሮሊኩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው። ስለዚህ ተሳቢው ተነሥቶ በቆየ ቁጥር ካምቢዮው ይጎድልበታል። ፋብሪካው ለውጭ ሥራ ይወሰድ ብሎ የፈቀደው የዘይት መጠን በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ያ ቁጥር ከተሳቢው ፍላጎት ጋር ሳይተያይ ተሳቢ መግጠም አይገባም።

ቤላሩስ ለሃይድሮሊኩ የተለየ ማጠራቀሚያ ስላለው ይህ ችግር አይነካውም፤ ነገር ግን ሌላ ያመጣል። በተሳቢው ሲሊንደር ውስጥ የቀረው ዘይት ተሳቢው ወደ ሌላ ትራክተር ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ለአንዱ ትራክተር የሞተር ዘይት የተፈቀደ ሲሆን፣ ለሌላው ደግሞ ፍሬኑ በዚያው በካምቢዮው ዘይት ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ልዩ ዘይት ያስፈልገዋል። የዘይቱ መደባለቅ ፍሬኑን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ተሳቢ ለአንድ ትራክተር ተመድቦ እንዲቆይ ማድረግ፣ መዛወሩ ግድ ከሆነም ዘይቱን አስወግዶ መዛወር ይገባል። የመኪና የፍሬን ዘይት በሃይድሮሊክ ማጠራቀሚያ መጨመር ጎሚኒዎቹን ስለሚያበላሽ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

በአንድ በኩል ብቻ የሚገፋ ተሳቢ ሁለት መውጫ ባለው ትራክተር ላይ ሲገጠም ነጂው ዘንጉን ወደ ማውረጃ ሳይሆን ወደ ማንሳፈፊያው ወይም ለአንድ ቱቦ ወደተዘጋጀው ቦታ ያደርገዋል፤ አለዚያ ፓምፑ ወደ ተዘጋ መውጫ ይገፋል።

ክብደት

ማንሣት መቻል ብቻውን አይበቃም፤ ትራክተሩ ያነሣውን ይዞ መሄድ መቻል አለበት። ከኋላ የተንጠለጠለ ክብደት የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል። ለምሳሌ 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማረሻ መካከለኛ ክብደቱ ከኋላ ጎማው ዘንግ 1 ሜትር ከ80 ወደ ኋላ ቢሆንና በትራክተሩ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ40 ቢኖር፣ ከፊቱ ጎማ ላይ 600 ኪሎ ግራም ይነሣል። ትራክተሩ 3,400 ኪሎ ግራም ሆኖ በፊት ጎማው ላይ 1,190 ኪሎ ግራም ቢያርፍ የሚቀረው 590 ነው። ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 680 ኪሎ ግራም፣ በፊት ጎማው ላይ መቅረት ስላለበት መሪው አይታዘዝም። በፊት በኩል ወደ 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የሚዛን ብረት ካልተጨመረ ነጂው ዳገት ላይ ጎማው ሲነሣበት ያየዋል። የማንሻ ክንዶቹ ፒን ስፋትም መለካት አለበት። የአነስተኛው መደብ የታችኛው ፒን 22 ሚሊ ሜትር፣ የመካከለኛው 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጭኑን ፒን በሰፊው ቀዳዳ በጨርቅና በሽቦ ሞልቶ መሄድ ከተከለከለው ሁሉ ይበልጥ ሊከለከል የሚገባው ነው።

በርክክብ ጊዜ

ዕርዳታው ከጭነት መኪና ሲወርድ ቁጥሩ ይቆጠራል፤ ይፈረማል። ይህ ሥራ የንብረት ክፍሉን ያረካው እንደሆነ እንጂ ገበሬውን አይጠቅመውም። ከመፈረሙ በፊት የትራክተሩ ከፍተኛ ግፊትና ፍሰት፣ የማዕከሉ ዓይነት፣ የዘይቱ ስም፣ የመገጣጠሚያው ጥርስና የማንሻው አቅም ከእያንዳንዱ ተቀጥላ ጋር ጎን ለጎን በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ቋንቋው ካልታወቀ ቁጥሩ ይታወቃል። ያልተስማማው ተቀጥላ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለለጋሹም ምን መሸጋገሪያ እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይጻፍለት። ለጋሽ ድርጅት በኅዳር የተጠየቀውን መገጣጠሚያ እስከ ዝናቡ ሊልክ ይችላል፤ በሰኔ የተጠየቀው ግን ለመጪው ዓመት ነው። ሙከራው የሚደረገው በደረቁ ወራት፣ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ተቀጥላው ብዙ ጊዜ ተነሥቶና ወርዶ የዘይቱ ሙቀት ከታየ በኋላ ብቻ ወደ መስክ ይውጣ።

ቀጭኗ ቀዳዳ

ከሃይድሮሊክ አደጋዎች ሁሉ የክሊኒክ ሠራተኞችን የሚያታልለው አንድ ነው። ቱቦ በመርፌ የተበሳ ያህል ሲቀደድ የሚወጣው ዘይት በዓይን አይታይም፤ ጭጋግ ብቻ ይመስላል። ቆዳን ለመብሳት ከ10 ባር ያነሰ ግፊት ይበቃዋል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ደግሞ 150 ነው። ነጂው የሚያንጠባጥበውን ቦታ ለማግኘት ቱቦውን በእጁ ሲዳብስ በጣቱ ላይ የንብ ንክሻ የምታህል ነጥብ ይሰማዋል፤ ደሙም እምብዛም ነው። ሥራውን ይቀጥላል። ዘይቱ ግን ከቆዳው ሥር በጅማቶቹ ሽፋን በኩል እስከ መዳፉ፣ አንዳንዴም እስከ ክንዱ ዘልቋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጁ ያብጣል፤ ሕመሙ ይበረታል፤ ሥጋው መሞት ይጀምራል። ሕክምናው እጁን ከፍቶ ዘይቱን ማጠብ ሲሆን ከስድስት ሰዓት በላይ በዘገየ ቁጥር ጣት ወይም እጅ የመቆረጡ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ቦታ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በጣውላ ቁራጭ እንጂ በእጅ አይደለም። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ተቀጥላው መሬት ላይ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያም ማዘዣዎቹ ወዲያና ወዲህ ተገፍተው የቀረው ግፊት ይተነፍሳል። ሞተር ጠፍቷልና ግፊት የለም ማለት ስሕተት ነው። ከተነሣ ማረሻ ሥር የሚሠራ ሰው በሃይድሮሊኩ ላይ እምነት መጣል የለበትም፤ በብረት ወይም በጠንካራ ግንድ ድጋፍ ይደረግለት። ክሪክ ብቻውን አይበቃም።

አደጋው ከደረሰ በሰፈራ ጣቢያው ክሊኒክ ያለው የጤና ረዳት ቁስሉን አጥቦ ክኒን ሰጥቶ ነገ ተመለስ እንዳይል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ቁስሉ አይጨመቅ፤ በሙቅ ነገርም አይታሸት። እጁ በጣውላ ታስሮ ከፍ ይበል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጠው፤ ቀዶ ሕክምና ስለሚጠብቀውም ምግብ አይብላ። ጣቢያው ያለው ተሽከርካሪ ምንም ዓይነት ሥራ ላይ ቢሆን ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ያድርሰው። በሪፈራሉ ወረቀት ላይ «ትንሽ ቁስል» ተብሎ ሳይሆን «በከፍተኛ ግፊት ከቆዳ ሥር የገባ ዘይት» ተብሎ፣ የዘይቱ ስም፣ የትራክተሩ ግፊትና አደጋው የደረሰበት ሰዓት ይጻፍበት።